ኡስታ ደምሌና የማሽኑ ቁልፍ

የኡስታ ደምሌን ማረፍ የነገረችኝ የመተማዋ ወዳጄ ዘርፌ ናት። የደወለችው ቀትር ላይ፣ የተማሪዎቼን ደብተር ታቅፌ ከክፍል ስወጣ ነበር። መጀመሪያ ስለ ጎንደር ብርድ ጠየቀችኝ፤ ቀጥላ ስለ ልጆቼ፤ ከዚያ ደግሞ መተማ ላይ ሙቀቱ እንዴት እንደከፋ ነገረችኝ። ዘርፌ ዙሪያ ጥምጥም ስትሄድ ደኅና ወሬ እንዳልያዘች አውቃለሁ፤ ቀጥ ብላ የምትናገረው ስትሳደብ ብቻ ነው። በመጨረሻ፣ "ኡስታ አረፉ እኮ፣ ቲቸር" አለችኝ። ከትናንት በስቲያ ቀብረዋቸዋል። ልባቸው ነው ተባለ። ሥራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበር፤ አንድ የባጃጅ ሹፌር ስልኩን ሊያሠራ ገብቶ ቢጠራቸው አልመለሱለትም።

ደብተሮቹን ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ አለቀስሁ። ተማሪዎቼ አይተውኝ ኖሮ በማግሥቱ እንደዚያ ጨዋ ሆነው የዋሉበት ቀን የለም።

ስለ እኒህ ሰው ሳወራ የሚያስቸግረኝ ሥራቸውን መናገሩ ነው። የጌም ማሽን ቁልፍ ሰባሪ ነበሩ ካልሁ ሰሚው ሌባ ያደርጋቸዋል። ጠጋኝ ነበሩ ካልሁ ደግሞ ግማሹን ደበቅሁ። ሁለቱንም ነበሩ፤ በሁለቱም አያፍሩም ነበር። ያፈሩባት አንዲት ነገር ነበረች፤ የምነግራችሁም እሷን ነው።

መተማ ዮሐንስ እንግሊዝኛ ሳስተምር ስድስት ዓመት የተከራየሁት ቤት ከሱቃቸው ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ኡስታ የሚለው ከሱዳኖቹ የወሰድነው ቃል ነው፤ ድንበሩ ላይ የእጅ ባለሙያ ሁሉ በዚሁ ይጠራል። እሳቸው ግን የጎጃም ሰው ናቸው። በጉብዝናቸው ወራት ሰሊጥ ሊያጭዱ አብደራፊ ወረዱ፤ ከአጨዳው ይልቅ የተበላሸ ትራክተር ሥር ተኝተው እየተገኙ ቢያስቸግሩ፣ የእርሻው ባለቤት ማጭዳቸውን ተቀብሎ የኤሌክትሪክ መለኪያ ሰጣቸው። ያችን መለኪያ ቴስተር ይሏታል፤ እስከ መጨረሻው ከደረት ኪሳቸው አልተለየችም። ከትራክተር ሽቦ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ጌም ማሽን ተሸጋገሩ። እኔ ሳውቃቸው ስድሳ ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ጌም ግን አንድ ቀን ተጫውተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ "እግሬ ያልሮጠውን ጣቴ ምን ያሯሩጠዋል?" አሉኝ።

ማሽኖቹ የሚመጡት በአብዛኛው ከካርቱም በገላባት በኩል ነበር፤ ሱዳን ከተበጠበጠች በኋላ ደግሞ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ሹፌሮች እጅ መምጣት ጀመሩ። ከየትም ይምጡ የተቆለፉ ናቸው። ማሽኑ የሚያጫውተው ፋብሪካው በምስጢር የፈረመበትን ሲዲ ብቻ ነው። ሲዲ ሲገባለት ፊርማውን ያያል፤ ፊርማ ካጣ ይተፋዋል። የተፈረመበት ሲዲ ደግሞ እኛ አገር የሚሸጥበት ሱቅ የለም። በኔት እንግዛ ብንል መጀመሪያ አገር ምረጡ ይላል፤ ኡስታ ዝርዝሩን በጣታቸው እየገፉ እስከ ታች ወርደው፣ እንደገና ወጥተው፣ "ዘለውናል" አሉኝ፤ ቂም በሌለው ድምፅ። "ቢሸጡልን እንገዛ ነበር። በሩን ካልከፈቱልኝ መስኮት ብፈልግ ምን ይፈረድብኛል?"

ለመክፈትም ቢሆን ሕግ ነበራቸው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በኔት ከሰው ጋር ሲጫወት ሁልጊዜ እንዲያሸንፍ የሚያደርግ ሶፍትዌር እንዲጭኑለት ለመናቸው። እንደ ልጅ አባበለ፣ እንደ ጌታ ተቆጣ፣ አልሆነለትም። "እኔ የምከፍተው በር ነው። አንተ ያልኸኝ የሰው ኪስ ነው" ብለው ማሽኑን በካርቶኑ መለሱለት። ሹፌሩ እየተራገመ ሄደ፤ ከወር በኋላ መጥቶ ሬዲዮውን ሲያሠራ ሁለቱም ነገሩን አላነሱትም።

ከሁሉም በላይ ግን ሰላምታቸው ነው የማይረሳኝ። አንድ ማሽን ሊፈቱ ሲሉ፣ ካቻቢቴያቸው ገና ብሎኑን ሳይነካ፣ በማሽኑ ላይ ጎንበስ ብለው "እንደምን አደሩ" ይላሉ። ከሰዓት ከሆነ "እንደምን ዋሉ።" በግድግዳው በኩል በየቀኑ እሰማለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ደንበኛ የገባ እየመሰለኝ ዝም እል ነበር። አንድ ቀን ዐይኔ እያየ ለማሽን ሰላምታ ሲሰጡ ይዤ አፋጠጥኋቸው።

"ማንን ነው እንደምን አደሩ የሚሉት?"

"ባለ ቁልፉን።"

"የትኛውን ባለ ቁልፍ?"

"ይህን የቆለፉትን ሰው ነዋ።"

"ያውቋቸዋል?"

"ከየት አባቴ አውቃቸው፣ አንች ልጅ? ግን ይኸው ስንት ዓመቴ ነው እጃቸውን ሳየው። ነይ፣ እይ እስቲ" ብለው የተፈታውን ማሽን ወደ እኔ አዞሩት። "ይችን ሲሠሩ ተጠንቅቀዋል። እዚህ ጋ ደክሟቸዋል። ይሄ ደግሞ የሳቸው እጅ አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው ያገዛቸው።"

እኔ የማየው አረንጓዴ ሰሌዳና ጉንዳን የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ብቻ ነው። እሳቸው ግን የሚያወሩት ጎረቤት ስለሚኖር ሽማግሌ ይመስላል። አንተ ብለዋቸው አያውቁም። ማሽን አልከፈት ብሏቸው ሦስት ቀን ሲታገሉ እንኳ የሚወጣቸው ቃል፣ "ተው እንጅ ጌታዬ፣ ትንሽ ይዘኑልኝ" ነው።

አንድ ሰሞን ኔት በአካባቢው ጠፍቶ ለረጅም ጊዜ ቆየ። በድንገት የተለቀቀ ዕለት ከተማው ሠርግ መሰለ፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ለዘመዱ ይጮኻል። በዚያ መሐል በነጠላ ጫማ ከአንዱ ጌም ቤት ወደ ሌላው የሚሮጡ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ማሽን ከኔት ጋር ሲገናኝ ፋብሪካው አዲስ ቁልፍ ይልክበታል፤ የተከፈተውም በዚያው ይዘጋል። ኡስታ ሽቦ እየነቀሉ ዘርፌ ጌም ቤት ሲደርሱ ሁለት ማሽኖቿ አዲሱን ቁልፍ ውጠው ጨርሰዋል። ዘርፌ ራሷን ይዛ ቁጭ ብላለች። እሳቸው ወገባቸውን ይዘው እያለከለኩ ማሽኖቹን አዩና፣ "ይገርማል፣ በስንት ወራችን ነው ያገኙን" አሉ። ዘርፌ እስከ ዛሬ የምትምለው ደስ ብሏቸው ነበር ብላ ነው።

ዘርፌን ላስተዋውቃችሁ። እርሻ ካምፕ ውስጥ ለቀን ሠራተኞች ስታበስል የኖረች፣ ድምፅዋ ትራክተር የሚያስቆም፣ ልቧ ለስላሳ የሆነ ሴት ናት። ከሰሊጥ መጋዘኑ ጋር የተያያዘች የቆርቆሮ ቤት ተከራይታ በአራት ማሽን ጌም ቤት ከፈተች። ደንበኞቿ ባጃጅ ነጂዎች፣ ጭነት የሚጠብቁ ሹፌሮች፣ በአጨዳና ሰሊጡ በሚበጠርበት በበጠራ ጊዜ ደግሞ ከወሎና ከጎጃም የወረዱ ሠራተኞች ናቸው። ሦስቱን ማሽን ኡስታ ከፍተውላታል። አራተኛዋ አዲስ ዓይነት ስለሆነች የሚከፍታት አልተገኘም፤ ከራሷ ጋር የመጣችውን አንዲት የተፈረመባት ሲዲ ብቻ ነበር የምታጫውተው።

ታዲያ በአንዱ የበጋ ወር ይች አራተኛዋ ማሽን አመል አመጣች። አንዳንድ ቀን ኮፒ ሲዲ፣ ፊርማ የሌለውን ማለት ነው፣ ሲያስገቡላት ትቀበላለች። በማግሥቱ ያንኑ ሲዲ ትተፋዋለች። ደንበኛው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጠ። አንዱ የወሎ ልጅ በቀኝ እጅ ሲገባላት ነው አለ። ሌላው የምትወደው እኔን ነው ብሎ በሰው ተራ ሲዲ የሚያስገባ ሆነ። ዘርፌ በበኩሏ ጸበል ረጨችባት። ኡስታ ይህን ሲሰሙ ክፉኛ ተቆጡ፤ "ጸበል መሆኑን አልጠላሁም፣ ውሃ መሆኑን ነው" አሉ።

እሳቸውን ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳቸው። ዘርፌ ደብተር እንድትይዝና ማሽኗ ኮፒ የተቀበለችበትን ሰዓት እንድትጽፍ አደረጉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። ሰዓቶቹ ሁሉ ጠዋት ሥራ መጀመሪያ ወይም ከምሳ መልስ ነበሩ። እኔ ምንም አልታየኝም። እሳቸው ጣታቸውን ወደ መጋዘኑ ቀሰሩ። የሰሊጥ ማበጠሪያው ሞተር በቀን ሁለቴ ይነሣል፤ በሚነሣበት ቅጽበት በሰፈሩ ያለ አምፖል ሁሉ ድብዝዝ ብሎ ይመለሳል።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። የመጋዘኑን ኃላፊ አስፈቅደን እኔ በሩ ላይ ቆምሁ፤ ሠራተኛው ሞተሩን ሊያስነሣ እጁን ሲዘረጋ ነጠላዬን አውለበልባለሁ፣ ኡስታ ደግሞ ያኔ ሲዲውን ያስገባሉ። ተማሪዎቼ በዚያ ሲያልፉ የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው መጋዘን በር ላይ ነጠላ ስታውለበልብ አዩ። ሞተሩን ስድስት ጊዜ አስጠፍተን አስነሣን። በስድስተኛው ከቆርቆሮ ቤቱ ጩኸት ሰማሁ፤ ሮጬ ስገባ የተኮረጀችው ሲዲ እየዞረች ነው፣ ኡስታም መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል።

የሆነው እንዲህ ነው። ማሽኑ ፊርማውን በሚያይባት በዚያች ቅጽበት መብራቱ ትንሽ ዝቅ ካለ አንዲት እርምጃ ይስታል፤ የሳታት እርምጃ "አይሆንም" የምትለዋ ከሆነች ሲዲው ያልፋል። ይህን ያገኘ ሰው እሳቸው እስከሚያውቁት ድረስ አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ የከፈቱት ሁሉ ሌሎች ያገኙትን ቀዳዳ በፍላሽ ተቀብለው ነው። ይሄ የራሳቸው ነበር።

"ልጽፍላቸው ነው" አሉኝ ወዲያው።

"ለማን?"

"ለባለ ቁልፉ። በዚህ በኩል ክፍት ነው ብዬ ልነግራቸው ነው። አንች በእንግሊዝኛ ታደርጊልኛለሽ።"

ፋብሪካው ቀዳዳ ያገኘ ሰው የሚጽፍበት አድራሻ እንዳለው ቀድመው አረጋግጠዋል። ዘርፌ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

"ኡስታ፣ እንጀራዬን ሊዘጉብኝ ነው? አሁን ገና ስትከፈትልኝ?"

"ያችን አይዘጉብሽም። ከዚህ በኋላ የሚሠሯቸውን ነው።"

"እኔስ ከዚህ በኋላ ማሽን አልገዛም?"

"አንች እሺ ካላልሽ አልልክም" አሏትና ወደ ሱቃቸው ሄዱ። በዚያ ሳምንት ከግድግዳው ማዶ ከሰላምታ በቀር የሥራ ድምፅ አልሰማም። ማሽን ከፊታቸው አስቀምጠው እንደምን አደሩ ይላሉ፣ ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ዘርፌ ይህን ከእኔ ሰማች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሩን በእግሯ ገፍታ ገብታ፣ "ይላኩት" አለቻቸው። "ሰው ይህን ያህል ዘመን እንደምን አደሩ ብሎ አንድ ቀን እግዜር ይመስገን ሊባል ይገባዋል። ብቻ ይህንም ይጻፉልኝ፤ ቢሸጡልን እንገዛለን በሏቸው።"

ጻፍን። እሳቸው በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ አሰፍራለሁ። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብን፤ የደብዳቤውን መግቢያ በአጭሩ እንዳልፈው ብለምናቸውም ሰላምታው ግማሽ ገጽ ካልሆነ አሉ። የመብራቱን መውረድ፣ የሞተሩን፣ የሰዓቱን፣ ሁሉን ጻፍን። መልሱ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። ስለ ደብዳቤው አመስግነዋል፤ እንደተባለው መብራቱን እያወረዱ ደጋግመው ሞክረዋል፤ ማሽኑ አንድም ጊዜ አልተከፈተም፤ ስለዚህ ጉዳዩን ዘግተውታል። የዘርፌን መልእክት ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈዋል። ያ ክፍል እስከ ዛሬ ዝም እንዳለ ነው።

ስተረጉምላቸው ፊታቸውን ማየት አልቻልሁም። "ኸላስ" አሉ፣ አለቀ ማለታቸው ነው፤ ተነሥተው ሱቃቸውን ዘጉ። ከዚያ ሦስት ቀን ግድግዳው ጸጥ አለ። ሰላምታውም ቀረ። እኔ ፋብሪካውን ስረግም ሰነበትሁ፤ ድሀ ስለሆንን፣ ሩቅ ስለሆንን ነው ያላመኑን እያልሁ ለመምህራኑ ሁሉ ወሬ ነዛሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እንደ ወትሮው ሊቀልዱ አልሞከሩም።

"ቲቸር፣ ሰዎቹን አትውቀሽብኝ። እኔ ነኝ የደበቅሁ።"

"ምን ደበቁ?"

"በደብዳቤው የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ውሸቱ ያልተጻፈው ነው።"

አስገብቼ አስቀመጥኋቸው። እንግዲህ በማሽኑ ውስጥ ካፓሲተር የምትባል ነገር አለች፤ መብራት ለቅጽበት ሲወርድ ማሽኑ እንዳይሰማው ትንሽ ኤሌክትሪክ አጠራቅማ የምትይዝ ናት፣ ውሃ ሲጠፋ እንደምንቀዳበት ጀሪካን። የዘርፌ አራተኛ ማሽን ከዓመት በፊት ካፓሲተሯ ተቃጥሎባት ነበር። ትክክለኛው ዕቃ እንኳን መተማ ጎንደርም አልተገኘ። ሰሞኑ የበጠራ ነው፣ ጌም ቤቱ በሰው ተጨናንቋል፣ ዘርፌም በየሰዓቱ ትመላለሳለች። ኡስታ ከአሮጌ የትራክተር ሬዲዮ አንዷን ፈተው ተከሉላት። መጠኗ ከሚገባው ሩብ አትሆንም። ማሽኗ ተነሣች፤ ሁሉም ደስ አለው፤ እሳቸውም ዝም አሉ። ማሽኗ አመል ባመጣችበት ሰሞን ደግሞ የጌም ቤቱ መብራት ማረጋጊያ ተቃጥሎ ነበር። ማሽኗ የመጋዘኑን ሞተር ልትሰማው የቻለችው ጀሪካኗ ትንሽ ስለሆነች ነው።

"ይህን ያወቁት መቼ ነው?"

"ያን ቅዳሜ፣ መሬት ላይ ቁጭ ያልሁ ጊዜ።"

ድንበር ላይ የኖረ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ዕቃ በማይገኝበት አገር ኡስታ ሁሉ የሌላውን አውጥቶ ለሌላው ይተክላል፤ ተክሎ ግን አይናገርም። ትራክተሩ እስከ አጨዳው መጨረሻ ከሄደ ባለቤቱም አይጠይቅም። ነውር የሚሆነው ስሙን ጠርተው ሲናገሩት ነው። ኡስታ ደምሌ አርባ ዓመት በዚህ ሥርዓት ኖረዋል።

"ታዲያ አሁን እንጻፍላቸው" አልኋቸው። "ይሄን ከነገርናቸው ያምኑዎታል።"

"እኒህ ሰው እኮ ሥራዬን አንድ ቀን አይተው አያውቁም" አሉ። "እኔ የሳቸውን ሳይ ኖርሁ። ታዲያ መጀመሪያ የሚያዩት የኔ ሥራ ይሄ ይሁን? የትራክተር ሬዲዮ?"

እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ተውት ልላቸው ምንም አልቀረኝም። ካልጻፉ ውሸታም ሆነው ይቀራሉ፣ ከጻፉ ደግሞ ደካማ ሠራተኛ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የሳቸው ነው። ክፍል እየረፈደብኝ ቢሆንም ቁጭ አልሁ።

"መጀመሪያ ለዘርፌ ልንገራት" ብለው ተነሡ።

አብሬያቸው ሄድሁ። ዘርፌ ጌም ቤቱን ትጠርግ ነበር። ሁሉን ነገሯት፤ አንዲት ቃል አላስቀሩም። መጥረጊያዋን እንደያዘች ሰማቻቸው።

"የትራክተር ሬዲዮ?" አለች።

"የትራክተር ሬዲዮ።"

"ዓመት ሙሉ?"

"ዓመት ከሁለት ወር።"

"እኔ ደግሞ ጸበል ስረጭ" አለችና መጥረጊያዋን ጥላ እስኪያማት ሳቀች። ከሳቋ በኋላ ግን የምትችለውን ያህል ሰደበቻቸው፤ እኔ አስተማሪ ስለሆንሁ እዚህ አልጽፈውም። ኡስታ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና ሲያበቃ አመሰገኗት።

ሁለተኛው ደብዳቤ አጭር ነበር። ካፓሲተሯን አውጥተን መጠኗን ጻፍን፤ መብራቱ ከስንት ወደ ስንት እንደሚወርድ በቴስተሯ ለክተን ጨመርን። መጨረሻ ላይ ኡስታ በአማርኛ የነገሩኝን ቃል በቃል ለመተርጎም ደከምሁ። "ይህን ዕቃ የተከልሁት እኔ ነኝ። መጠኑ ልክ እንዳልሆነ እያወቅሁ ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤ የደበቅሁት በእርስዎ ፊት ስላፈርሁ ነው።" በእንግሊዝኛ እርስዎ የሚባል ነገር እንደሌለ ስነግራቸው ቅር አላቸው። "ታዲያ ያከበርኋቸው መሆኑን በምን ያውቃሉ?" አሉ። ከመፈረማቸው ያውቃሉ ብዬ አጽናናኋቸው፤ በስልኩ ላይ የሚፈረምበት ቦታ ስለሌለ ስማቸውን በሙሉ ከነአያታቸው ጻፉ።

መልሱ አንድ ወር ገደማ ዘገየ። ሲመጣ ግን የጻፈው ክፍል አልነበረም፣ ሰው ነበር። በቃሌ ይዤዋለሁ፦

"የነገሩንን ዕቃ ተክለን በእርስዎ ልኬት መብራቱን አወረድነው። በሰባተኛው ተከፈተ። እኔ በዚህ ቁልፍ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እኛ ክፍል ውስጥ መብራት ሄዶ ስለማያውቅ ይህን አላሰብነውም። ከአሁን በኋላ አዲስ የሚሠራ ማሽን ሁሉ ከመውጣቱ በፊት በእርስዎ መብራት ይፈተናል። ስለ ካፓሲተሯ አይፈሩ፤ እኔ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ።"

ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ፋብሪካው ሽልማት ለመላክም ጠይቆ ነበር፤ የሚላክበት መንገድ ስላልነበረ እሳቸውም አልጨቀጨቁም። የከነከናቸው ሌላ ነገር ነበር። ለሳምንታት ሥራ ላይ ሳሉ ድንገት ቀና ብለው፣ "ከዚህ የባሰ ምን ሠርተው ይሆን?" ይሉኝ ነበር። ደብዳቤ ጽፈው እንዲጠይቁ ብነግራቸው ነውር ነው አሉ። ሰው የራሱን ጉድ ከዚህ በላይ እንዲናገር አይገደድም።

መተማን ከመልቀቄ በፊት በነበረው የበጠራ ወቅት ዘርፌ አምስተኛ ማሽን ገዛች። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ የዚያ ዓመት ሥራ ነበር። ኡስታ ሲሰሙ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፤ እኔንም ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ጠብቀው ይዘውኝ ሄዱ። ዘርፌን አስፈቅደው የማሽኑን ካፓሲተር አወጡና ያችን ትንሿን ተከሉ። አሁን ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ እያሳዩ፣ "ይች ልክ አይደለችም፣ ከትራክተር ሬዲዮ ናት" እያሉ ነው የተከሉት።

የምሳ ሰዓት አለፈና ማበጠሪያው ተነሣ። አምፖሉ ድብዝዝ አለ። ኡስታ ሲዲውን አስገቡ። ማሽኑ ትንሽ አሰበ፤ ፊርማውን ማየቱን ካቆመበት ትቶ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ጨርሶ ሲዲውን ተፋው። ሞተሩን አስጠፍተን እንደገና አስነሣን። ተፋው። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። የመጋዘኑ ሠራተኛ ሰለቸውና ምን እየሠራን እንደሆነ ሊያይ መጣ። ተራ የሚጠብቁት ሹፌሮች ማጉረምረም ጀመሩ፤ አንዱ፣ "ይች ማሽን አትረባም፣ ትመለስ" አለ።

ኡስታ አልሰሙትም። ማሽኑ ፊት ተንበርክከው፣ ሲዲውን እየሰጡ፣ እየተቀበሉ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን እምቢታ ከላይ እስከ ታች ያነቡታል። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ አይጠርጉትም። ዘርፌ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

"ተዘጋ ማለት ነው፣ ኡስታ?"

"ተዘጋ።"

"በዚህ በኩል ዳግመኛ አይከፈትም?"

"አይከፈትም። የትም አገር አይከፈትም።"

ዘርፌ አዲሷን ማሽን አየቻት። እንጀራዋ ናት፤ በአንዲት ሲዲ ብቻ ምን ያህል ሰው ታስተናግዳለች? የምትሳደብ መስሎኝ ነበር። ሹፌሩ ግን ቀደማትና፣ "ምን ሆነው ነው እኒህ ሰውዬ?" ሲል፣ ወደ እሱ ዞራ ድምፅዋን ሳታሰማ በእጇ ዝም አሰኘችው።

"ቀስ በል" አለችው። "ደብዳቤ ደርሷቸው እያነበቡ ነው።"